ልጅ የሰጠው ጉርሻ ከሚገባው ሰው እጅ የሚደርስበት ቤት፦ የአንድ የገርጂ ምግብ ቤት ግምገማ

አዲስ አበባ፣ ገርጂ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት በሚታጠፍ የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ ቀድሞ መኖሪያ በነበረ ግቢ የተከፈተ አንድ የአገር ባህል ምግብ ቤት አለ። በግቢው መካከል ትልቅ የዋንዛ ዛፍ ቆሟል፤ ከዛፉ ሥር አምስት ጠረጴዛዎች፣ በቀድሞው ሳሎን ውስጥ ደግሞ ስምንት ያህል ተደርድረዋል። ላለፉት ሁለት ዓመታት ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ የምንበላው እዚህ ነው። ሴቷ ልጄ 9 ዓመት ሞልቷታል፤ ወንዱ 6 አልፎታል። የቤቱን ስም የማልጽፈው ወደ መጨረሻው የማነሣው ቅሬታ ገና በንግግር ላይ ያለ ጉዳይ ስለሆነ ነው፤ ከዚያም በላይ እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ስለ ገቢያቸው አምነው የነገሩኝ ነገር መዘዝ እንዲያመጣባቸው ስለማልፈልግ ነው።

ስለ ምግብ ቤት የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጣዕሙ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ንጽሕናው ነው፤ እኔም ስለ እነዚህ ጥቂት እላለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ሌላ መለኪያ ነው። ልጆቼ ለሚያስተናግዳቸው ሰው አክብሮትና ርኅራኄ እንዲኖራቸው፣ ጉርሻ መስጠትንም ገና በልጅነታቸው እንዲለምዱ እፈልጋለሁ፤ ይህን ለማስተማር ደግሞ የእኔ ምክር ብቻውን አይበቃም፣ ቤቱም ሊያግዘኝ ይገባል። ልጁ የሰጠው ብር ማን ጋ እንደሚደርስ የማይታወቅበት፣ አስተናጋጁ በሰው ፊት የሚመናጨቅበት ቤት ውስጥ ስለ ርኅራኄ መናገር ልጅን ግራ ማጋባት ነው።

ምግቡን በአጭሩ ላንሣ። ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል፤ ሽሮው በቅመም ያልታፈነ፣ የአተሩና የሽንብራው ጣዕም ለየብቻ የሚታወቅ ነው። የጾም በያይነቱው ጎመንና ቀይ ሥር አይጎድለውም፤ ክኩ አልጫ ለልጆች ይስማማል። የፍየል ጥብሱ አንዳንድ ቀን ይጠነክራል፣ ስለዚህ ለሕፃን አላዝም። እንጀራው የዕለቱ ነው፤ ወደ እርሱና ወደምትጋግረው ሴት እመለሳለሁ። ባለፈው እሑድ ለአራት ሰው በልተንና ጠጥተን የምግቡ ዋጋ 1,600 ብር፣ 15 በመቶው ቫት 240 ብር፣ በድምሩ 1,840 ብር ከፍለናል። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በከተማው የምግብ ዋጋ ምን ያህል እንደ ወጣ ለሚያውቅ ሰው ይህ ለእንዲህ ያለ ቤት ተገቢ ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ቤት የገባን ቀን ያፈርሁበትን ነገር አልረሳውም። ወንዱ ልጄ ያን ጊዜ 4 ዓመት አልፎት ነበር። ውሃ ሲጠማው እንደ ትልቅ ሰው ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። በከተማችን አስተናጋጅ በጭብጨባ መጥራት የቆየ ልማድ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ክፋት አስቦበት እንደማያደርገውም አውቃለሁ። የአንድ ፍሬ ልጅ ጭብጨባ የእናቱ እኩያ የምትሆን ሴት ሥራዋን ጥላ ስትሮጥ ሲያስመጣ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሂሳቡ በኋላ ደግሞ ባለቤቴ 50 ብር ሰጥቶት «ለእሷ ስጣት» ሲለው፣ ልጁ አጎቶቹ ሲያደርጉ እንዳየው ብሩን ወደ ትሪው ወረወረው። ብሩ ከተጋቢኖው ድስት ጠርዝ ላይ አርፎ አንዱ ጫፉ ሽሮ ነካው። አስተናጋጇ ምንም ሳትል ብሩን አነሣች፣ ጫፉን በሽርጧ ጠረገች፣ ጎንበስ ብላም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የኔ ጌታ» አለችው። ያ የሽሮ ቅባት ያለበት ብርና ያ ምርቃት ከፊቴ ሊጠፉልኝ አልቻሉም። ማታ ቤት ስንገባ ለባለቤቴ፣ ብሩን ሰጥተናል እንጂ ጉርሻ አልሰጠንም አልሁት።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር የመረጠለትን ስም ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ብዙዎቻችን ቲፕ ማለት ለምደናል፤ ይሁንና የአማርኛው ቃል ጉርሻ ነው፣ በማዕድ ላይ ከምናጎርሰው ጉርሻ ያልተለየ። ጉርሻ እንዴት እንደሚሰጥ ደግሞ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እንጀራው በወጡ ተጠቅልሎ፣ ከራስ ከሚጎረሰው በለጥ ተደርጎ፣ በእጅ ይያዛል፤ የሚጎርሰው ሰው ፊቱ እየታየ፣ ብላ፣ በሞቴ እየተባለ ይሰጣል። ጉርሻ አይወረወርም፣ ጠረጴዛ ላይ ተጥሎም አይሄድም። ለልጄ ያስተማርሁት ይህንኑ ነው። እኔን ስታጎርሰኝ ዓይንህ የት ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ «አፍሽ ላይ» አለኝ። እንግዲያው ብሩን ስትሰጥ ፊቷን እያየህ፣ በቀኝ እጅህ፣ አመሰግናለሁ ብለህ ነው አልሁት። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልወረወረም። አንዳንድ ቀን እንዲያውም ብሩን በሁለት እጁ ይዞ ስለሚቆም አስተናጋጇ ትሪዋን አስቀምጣ በሁለት እጇ ትቀበለዋለች፤ ሁለቱም ለቅጽበት እጅ እንደሚነሣሡ ሰዎች ሆነው ይታዩኛል።

ቤቱ ለዚህ ትምህርት የሚያግዘው ገና ከእጅ መታጠቡ ጀምሮ ነው። የመታጠቢያ ገንዳ ቢኖርም ለልጆች ከፍ ስለሚል፣ አስተናጋጆቹ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዘው ወደ ጠረጴዛው ይመጣሉ። እኛን ብዙ ጊዜ የምታስተናግደን ወጣት ልጆቹን ስታስታጥብ በአንድ ጉልበቷ በርከክ ትላለች፤ ውሃው ለብ ያለ መሆኑን መጀመሪያ በራሷ የእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋ ታያለች። ሴቷ ልጄ ይህን አይታ፣ ለታናሽ ወንድሟ ስትነግረው ሰምቼያለሁ፦ «ለእኛ እንዳይፈጀን እኮ ነው እሷ የቀመሰችው።» እኔ አስተውዬው አላውቅም ነበር። ተጋቢኖው ሲቀርብም ድስቱን ከልጆቹ አርቃ ወደ ባለቤቴ ጎን ታስቀምጠዋለች። እንዲህ ያለውን ነገር ልጆች ራሳቸው እያዩ እንዲቆጥሩት ማድረግ ብዙ ቃል ከመናገር ይሻላል።

መቁጠሩንም በእውነት ቆጠርነው። ምክንያቱ ወንዱ ልጄ የጠየቀኝ ጥያቄ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለነዳያን ሳንቲም ሰጥቶ ስለ ነበር፣ ከሰዓት ለአስተናጋጇ ብር ስሰጠው «እሷም ድኻ ናት?» አለኝ። ከጠየቀኝ ነገር ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ወላጆች ልብ ልንለውም ይገባል። ምጽዋት የተቸገረን መርዳት ነው፣ ታላቅ ነገርም ነው፤ በክርስትናውም ሆነ በእስልምናው የታዘዘ ነው። ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ጉርሻ ግን ሌላ ነው፤ አንዱን ከሌላው ያልለየ ልጅ የሚያገለግለውን ሰው ሁሉ ከበታቹ እንዳለ አድርጎ ማየት ይጀምራል። ስለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት፣ ለታላቂቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቼ፣ አስተናጋጇ ወደ እኛ ጠረጴዛ ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ ቁጠሪ አልኋት። እጅ ለማስታጠብ፣ ለትእዛዝ፣ ለውሃ፣ ለለስላሳ፣ ለምግቡ፣ ለተጨማሪ እንጀራ፣ ወንድሟ ላፈሰሰው ውሃ መጥረጊያ ይዛ፣ ለሁለተኛ ማስታጠብ፣ ለቡና፣ ለሂሳብ፣ ለመልስ፤ በድምሩ 11 ጊዜ ሆነ። ከዛፉ ሥር ያሉትን አምስቱን ጠረጴዛዎች የምታስተናግደው እሷ ብቻ ናት። ልጄ 11ን በ5 አባዝታ 55 አለችና እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም አለች። ለታናሹ መልሱን የሰጠችው እሷ ናት፦ «ድኻ ስለሆነች አይደለም፤ ስለ እኛ ስለደከመች ነው።» የ9 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ እንድትናገር አልጠብቅም።

ትልልቆቹ አንባቢዎች ደግሞ ከብሩ በስተጀርባ ያለውን እንዲያውቁት እወዳለሁ። በአገራችን በግሉ ዘርፍ ለረጅም ዘመን ሁሉንም የሚገዛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይኖር ስለ ኖረ፣ የአስተናጋጅ ደመወዝ እንደ ቀጣሪው ፈቃድ የሚለያይ ነው፤ ብዙዎቹም የቤት ኪራያቸውን የሚሸፍኑት በጉርሻ ነው። በሌላ በኩል አንዳንድ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች በሂሳቡ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ እንደ ደመወዝ እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ከዚህ ቤት በፊት እንሄድበት የነበረ አንድ ትልቅ ሆቴል በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ይህን 10 በመቶ ይጽፍ ነበር። ልጄ ማንበብ በጀመረች ሰሞን ደረሰኙን አይታ «ጉርሻው እዚህ ውስጥ አለ ማለት ነው?» ብላ አስተናጋጁን ራሱን ጠየቀችው። ሰውየው ዙሪያውን አየት አድርጎ «ለእኛ አይደርሰንም፣ ሚሚ» አለና ሳህኖቹን ሰብስቦ ሄደ። ለልጄ የማስረዳው ነገር አጣሁ። ለአስተናጋጆች ነው ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ አስተናጋጆች ካልደረሳቸው፣ ልጁ የሚማረው ልግስና ሳይሆን ወረቀት ላይ የተጻፈ ሁሉ እውነት አለመሆኑን ነው። ወደዚያ ሆቴል አልተመለስንም።

የገርጂው ቤት ሰርቪስ ቻርጅ አይጠይቅም። ይህ ብቻውን ምስጋና አያሰጠውም፤ ምስጋና የሚገባው ጉርሻው ከተሰጠ በኋላ ስለሚያልፍበት መንገድ ነው። ከማዕድ ቤቱ በር አጠገብ፣ በግድግዳው ላይ፣ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን ተሰቅሏል። አስተናጋጆቹ የተቀበሉትን ሁሉ እዚያ ይከታሉ፤ በየፈረቃው መጨረሻ ሦስት ሰዎች፣ አንድ ከአስተናጋጅ፣ አንድ ከማዕድ ቤት፣ አንድ ከጽዳት፣ አብረው ከፍተው ይቆጥራሉ፤ ከዚያም በሠሩት ሰዓት ልክ ይከፋፈላል። ገንዘብ ተቀባዩም ሆነ ባለቤቱ እጃቸውን አያስገቡም። ይህን የነገረችኝ አስተናጋጇ ስትሆን፣ በሌላ ቀን ደግሞ ዕቃ አጣቢውን ወጣት ጠይቄው ያንኑ ነግሮኛል። ሁሉም በዚህ ይስማማል ማለቴ አይደለም፤ አንዲት ጎበዝ አስተናጋጅ «እኔ የሮጥሁበትን ለሌላ ማካፈል አንዳንዴ ይከብደኛል» ብላኛለች፤ ስሜቷ ይገባኛል። ለእኔ ግን አከፋፈሉ ትክክል ነው፤ ልጆቼን ወደ ማዕድ ቤቱ በር የወሰዳቸውም ይኸው ሣጥን ነው።

ያም እንዲህ ሆነ። ባለፈው ዓመት በአንድ እሑድ፣ ልጄ ለአስተናጋጇ ከሰጠች በኋላ «አንድ ጉርሻ ያጣላል ትሉ የለ» አለችን። እኛ በማዕድ ላይ ሁለተኛ ጉርሻ ስናስገድድ የምንለውን ነው የመለሰችልን። ሁለተኛው ለማን እንዲሆን እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። እንጀራውን ለጋገረችው ሴት ነው አለች። አስተናጋጇ ፈቃድ ጠይቃ ሁለቱንም ልጆች እስከ ጓሮው በር ወሰደቻቸው፤ እኔም ተከተልኋቸው። ከጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ መደብ ላይ ተደርድረው፣ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱ እስከ ጣሪያው ይወጣል። ጋጋሪዋ ሻሽ ያሰረች፣ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሴት ናት። ልጆቹን ስታይ ደነገጠች፤ ስህተት የተገኘባት መሰላት። ልጄ «እትዬ፣ እንጀራው ጣፍጦናል» ብላ ብሩን ዘረጋችላት። የሴትየዋ እጆች እስከ አንጓቸው ሊጥ ነበሩ። በዚያ እጅ ብር መቀበል ስላልቻለች፣ ሰላምታ ለሚሰጣት ሰው እንደምታደርገው ሁሉ ክንዷን ዘረጋችላት፤ ልጄም ክንዷን ይዛ ሰላም አለቻት። ብሩን በሽርጧ ኪስ የከተተው ወንዱ ነው። ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ መረቀቻቸው፤ «ለሰው የምታሳዝኑ አያድርጋችሁ፣ እጃችሁ ሰጪ ይሁን» አለች። ከዚያ እሑድ ወዲህ ወንዱ ልጄ እንጀራ ሲተርፈው ጥቅልሉን ከማስቀመጡ በፊት ቆም ብሎ ያየዋል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ለማነጻጸር ያህል አንድ ነገር ልጨምር። እህቴ በአሜሪካ፣ ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ለስድስት ዓመት በአስተናጋጅነት ሠርታለች። እዚያ በፌዴራል ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ ቀጣሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ ቢከፍል ይፈቀድለታል፤ ቁጥሩም ከ1991 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ አልተነካም። ቀሪው እስከ አጠቃላዩ የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ፣ እስከ 7.25 ዶላር፣ ከእንግዳው ጉርሻ ይሞላል፤ ካልሞላ ቀጣሪው መጨመር አለበት። ስለዚህ ልጇ ገና በ10 ዓመቱ 20 በመቶን በቃሉ ማስላት ያውቃል። ባለፈው ክረምት ለእረፍት መጥቶ አብሮን በበላ ጊዜ ከሁላችን ቀድሞ አሰላ። እህቴ ግን ቁጥሩን ከሰማች በኋላ «ስሟን ጠየቅሃት?» አለችው። አልጠየቀም ነበር። በስድስት ዓመት ሥራዋ ከፍተኛ ጉርሻ ትተው ከሄዱት ብዙዎቹን እንደማታስታውስ፣ አንድ አዛውንት ግን ሁልጊዜ በስሟ ይጠሯት እንደ ነበር ነገረችው። ልጁ ተነሥቶ ሄዶ አስተናጋጇን ስሟን ጠየቃት። ስሌት ማወቁ በጎ ነው፤ የእኔም ልጅ ከ1,840 ብር አንድ አሥረኛው 184 መሆኑን አስልታ 200 እናድርገው ማለቷ ደስ ይለኛል። እህቴ ያለችው ነገር ግን ከስሌቱ መቅደም ያለበት ይመስለኛል።

የብሩ ምንጭም ልብ ሊባል ይገባል። መጀመሪያ ላይ ልጆቼ የሚሰጡት የእኛን ገንዘብ ነበር፤ ከእናት ቦርሳ ወጥቶ የሚሰጥ ብር ደግሞ ለልጅ ምንም አይጎድልበትም። አሁን ግን እያንዳንዳቸው ከራሳቸው ጥቂት ይጨምራሉ። የወንዱ ገንዘብ ከቡሄ የመጣ ነው። ነሐሴ 12 ማታ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ዱላ ይዞ ሆያ ሆዬ ሲል አምሽቶ፣ ሙልሙሉንና ድርሻውን ብር ይዞ ገባ። ያን ማታ አንድ ቤት ረጅም ጊዜ ካስጨፈራቸው በኋላ በሩን ሳይከፍት መብራቱን እንዳጠፋባቸው አልቅሶ ነገረኝ። ታላቂቱም በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ስትል ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል። እኔም በር ላይ ቆሞ ጨፍሮ ባዶ እጅ መመለስ ምን እንደሚመስል እንዳይረሱት ነገርኋቸው፤ አስተናጋጇም በ11 ምልልስ መጨረሻ አጠገባችሁ ስትቆም የምታስበው ይኸንኑ ሊሆን ይችላል አልኋቸው። በሚቀጥለው እሑድ ወንዱ ልጄ ከቡሄ ድርሻው አንዲት የ10 ብር ኖት አጣጥፎ በካልሲው ውስጥ ይዞ መጣ። 10 ብር ዛሬ ምን ትገዛለች ለሚል፣ ለእሱ ከገንዘቡ ሁሉ አንድ ስምንተኛው ነበረች።

እዚህ ላይ ስለ ቤቱ አንድ ጉድለት መናገር ያስፈልገኛል። ገንዘብ ተቀባዩ መልስ በትልልቅ ኖት የመስጠት ልማድ አለው፤ ጥቃቅኑ ሲጎድል ደግሞ በሳንቲም ፈንታ ማስቲካ በሂሳብ መያዣው ውስጥ ያስቀምጣል። ማስቲካ ጉርሻ ሆኖ አይሰጥም። በዚያ ላይ ብዙ እንግዳ በቴሌብር ስለሚከፍል፣ ከ2013 ወዲህ የታተሙት የ10ና የ50 ብር ኖቶች በሳጥኑ ውስጥ እየቀነሱ ነው። ቴሌብር ለአዋቂ ሰው መልካም ነው፤ አስተናጋጆቹም ስልካቸውን ለሚጠይቃቸው ይሰጣሉ። ለልጅ ግን ከስልክ ወደ ስልክ የሚያልፍ ቁጥር እጅ ለእጅ እንደ መቀባበል አይሆንለትምና፣ ዝርዝር ብር ከቤት ይዛችሁ እንድትመጡ እመክራለሁ። ሌላው ጉድለት የሳሎኑ ቴሌቪዥን ነው፤ ድምፁ ስለሚበዛ ልጅ ይዞ ውስጥ መቀመጥ አይመችም። ለሕፃናት የሚሆን ከፍ ያለ ወንበርም የላቸውም።

ዋናው ቅሬታዬ ግን የብርጭቆው ነገር ነው። ከሁለት ወር በፊት ወንዱ ልጄ ሲንጠራራ የለስላሳ ብርጭቆ በክርኑ መትቶ ሰበረ። አስተናጋጇ ፈጥና መጣች፣ እግሩ እንዳይቆረጥ አቅፋ ወደ ሌላ ወንበር አሻገረችው፣ ስብርባሪውን ሰበሰበች። ልጁ ደንግጦ «ማን ይከፍለዋል?» አላት። «አታስብ» አለችው። እኔ ግን ቀስ ብዬ ስጠይቃት ከደመወዟ ላይ እንደሚቆረጥ ነገረችኝ። ከላይ የጠቀስሁት አዋጅ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ቀጣሪው ከደመወዝ ላይ እንዳይቆርጥ ይከለክላል፤ የእኔ ልጅ የሰበረውን ብርጭቆ እሷ እንድትከፍል የሚያደርግ ፍትሕ ግን በየትኛውም ደንብ ሊኖር አይገባም። ገንዘብ ተቀባዩን ብርጭቆውን በእኛ ሂሳብ ላይ እንዲጽፈው ጠየቅሁት፤ ጻፈው። ልጄ ከኪሱ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ ከዋጋው ግማሽ አይሞላም ነበር፣ ቀሪውን እኔ ጨመርሁ። ከዚያ በኋላ ለባለቤቱ በአካል ቀርቤ ነገሩን አነሣሁ። ሰውየው በትዕግሥት አዳምጠውኛል፤ እንግዳ የሰበረውን ከሠራተኛ መቁረጡን እንደሚያስቀሩ ነግረውኛል። እስካሁን በጽሑፍ የወጣ ነገር አላየሁም፤ በሄድሁ ቁጥር እጠይቃለሁ።

ልጅ ይዛችሁ ለምትሄዱ፣ እሑድ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ከዋንዛው ሥር ቦታ ታገኛላችሁ፤ ከ7 ሰዓት በኋላ ግን ግቢው ይሞላል፣ ሂሳብም ይዘገያል። ግቢው በር ላይ መኪና የሚጠብቁት ወጣቶችም አሉ፤ ልጆቼ አሁን ለእነሱ የሚሆነውን ለብቻው ይይዛሉ። ጋጋሪዋን ለማመስገን የሚፈልግ ልጅ ካላችሁ፣ አስተናጋጆቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ምጣዱ ሲበዛ ጓሮው ለልጅ አደጋ ስላለው አያስገቡም። ከ9 ሰዓት በኋላ ግን ጋግራ ትጨርሳለች፣ እጇን ታጥባ ከዛፉ ሥር ቡናዋን ይዛ ትቀመጣለች፤ ያን ጊዜ ልጆቼ አጠገቧ ሄደው ይቀመጣሉ።